በእንተ ንዋም፦ ስለ እንቅልፍ ምርምር የቀረበ ዳሰሳ

ስለ እንቅልፍ የተጻፈውን ሰብስቦ የሚመረምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው፣ የሰው ልጅ ከዕድሜው ሲሶ ያህሉን የሚያሳልፍበት ይህ ነገር እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በሊቃውንት ዘንድ ራሱን የቻለ የምርምር ርእስ ሆኖ ሳይቈጠር መኖሩን ነው። ሐኪሙ በሽታን፣ ፈላስፋው ኅሊናን፣ ሕልም ፈቺውም ሕልምን ሲመረምሩ፣ ሕልሙን የያዘው እንቅልፍ ግን የንቃት ጉድለት፣ የልቡና መዘጋት፣ ከዚያም ሲያልፍ ሀኬት ተብሎ ይታለፍ ነበር። ባለፉት መቶ ዓመታት በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የምርምር ቤቶች የተከማቸው ማስረጃ ይህን አሳብ ገልብጦ፣ እንቅልፍ ሥጋና አንጎል በራሱ ሥርዓት ተግተው የሚሠሩበት ጊዜ መሆኑን አስረድቷል፤ ከዚህም የተነሣ ነገሩ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ሸንጎና ወደ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ማን ይተኛል፣ ማንስ ለሌላው ሲል ነቅቶ ያድራል የሚለው የፍትሕ ጥያቄ ሆኗልና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ለትጋሃ ሌሊት የሚሰጠውን ክብር ያውቃል። ካህናቱ በበዓል ሌሊት መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጸናጽላቸውን ይዘው ማኅሌቱን እስከ ንጋት ሲያደርሱ፣ ምእመኑ ድካማቸውን እንደ መሥዋዕት ይቈጥረዋል። ሆኖም ያው ሥርዓት ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን በንዋም ስም ለይቶ ለመኝታ ሰዓት ማስቀመጡን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በተረፈ ባሮክ የሚነገርለት አቤሜሌክም የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ 66 ዓመት ያንቀላፋው ተቀጥቶ ሳይሆን ምሕረት ተደርጎለት ነበር። እንግዲህ አባቶች ትጋትን ሲያከብሩ እንቅልፍን አልናቁም፤ ንቀቱ የመጣው፣ እንደሚመስለኝ፣ የኤሌክትሪክ መብራትና የፋብሪካ ፈረቃ ሌሊቱን ከገዙት በኋላ ነው።

የምርምሩን በር የከፈተውም ያው ኤሌክትሪክ ነው። በጀርመን አገር በዬና ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም የነበረው ሃንስ በርገር በ1924 የአንጎልን ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ከሰው ራስ ላይ ቀድቶ በመዝገብ አሰፈረ፤ ዓመታት ሲያመነታ ቈይቶ በ1929 ቢያሳትመውም፣ በካምብሪጅ ኤድጋር ኤድሪያን በ1934 ደግሞ ሞክሮ እስኪያረጋግጥለት ድረስ የሙያ ጓደኞቹ ነገሩን ከቁም ነገር አልጣፉትም። ከዚያም አልፍሬድ ሉሚስ የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ በኒውዮርክ ግዛት በራሱ ገንዘብ ባቋቋመው የምርምር ቤት የተኙ ሰዎችን ሞገድ ሌሊቱን ሙሉ እያስመዘገበ፣ እንቅልፍ አንድ ወጥ ሳይሆን በደረጃ የሚጠልቅና የሚሣሣ መሆኑን በ1937 አሳየ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ቺካጎ ይዞራል። በ1895 በኪሺኔቭ ከተማ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ናትናኤል ክላይትማን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ዘመኑን ለእንቅልፍ ጥናት ሰጠ፤ ይህም በጊዜው ያልተለመደ ምርጫ ነበር። በ1938 ከተማሪው ከብሩስ ሪቻርድሰን ጋር በኬንታኪ ግዛት ማሞዝ በተባለው ታላቅ ዋሻ ውስጥ፣ ፀሐይ በማይደርስበትና ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ጥልቀት 32 ቀን ተቀምጦ፣ የሰው አካል የ28 ሰዓት ቀን ይቀበል እንደ ሆነ ፈተነ። ወጣቱ ተማሪ ከአዲሱ ሥርዓት ጋር ሲስማማ፣ የ43 ዓመቱ መምህር ግን አካሉ የ24 ሰዓቱን ልማድ አልለቅ ብሎት ከዋሻው ወጣ። ሁለት ሰው ብቻ የተሳተፈበት ፈተና ብዙ የማያስረዳ ቢሆንም፣ ሰው ከፀሐይ ተለይቶም የራሱን ሰዓት ይዞ ይኖራል የሚለውን ግምት ግን አበርትቶታል።

የክላይትማንን ስም ያስጠራው ግኝት የመጣው ግን ከሌላው ተማሪው ከዩጂን አሴሪንስኪ ነው። ይህ ሰው በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ተጥሎ የነበረ አሮጌ መመዝገቢያ መሣሪያ ጠግኖ፣ የስምንት ዓመት ልጁን በሽቦ ከመሣሪያው ጋር አያይዞ ቢያስተኛው፣ በእኩለ ሌሊት የመዝጋቢው ብዕር በድንገት ይወራጭ ጀመር። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ብዙ ከመረመረ በኋላ፣ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ዓይኖቹ ከሽፋናቸው በታች ወዲያና ወዲህ ይሮጡ እንደ ነበር ተገነዘበ። መምህርና ተማሪ በ1953 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰዎች ዓይናቸው እንዲህ ሲንቀሳቀስ ከተቀሰቀሱባቸው 27 ጊዜያት በ20ው ሕልማቸውን አጥርተው እንደ ተናገሩ፣ ዓይናቸው ጸጥ ብሎ ሳለ ከተቀሰቀሱባቸው 23 ጊዜያት ግን በ19ኙ ምንም እንዳላስታወሱ ገልጸዋል። ከጥንት ጀምሮ የነቢያትና የሕልም ፈቺዎች ድርሻ የነበረው ሕልም በብዕርና በወረቀት የሚለካ ምልክት ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ባጭሩ ሊነገር ይችላል። የክላይትማን ሦስተኛ ተማሪ ዊልያም ዴመንት ሁለቱ የእንቅልፍ ዓይነቶች በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተፈራረቁ ሌሊቱን እንደሚካፈሉት አስረዳ፤ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ሚሼል ዡቬ ደግሞ ይህን ዓይን የሚሮጥበትን እንቅልፍ፣ አንጎሉ የነቃ ሰው አንጎል እየመሰለ አካሉ ግን ፈጽሞ ስለሚዝል፣ «ተቃራኒ እንቅልፍ» ብሎ ሰየመው፤ አካልን የሚያዝለውን የአንጎል ግንድ ክፍል ያጐደለባቸው ድመቶችም ተኝተው ሳሉ እየተነሡ የማይታይ አይጥ ሲያድኑ አሳየ። ከዚህ ሁሉ ለዕለት ኑሮ የሚጠቅመው ነገር የሌሊቱ ድልድል ነው። ጥልቁ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ ይበዛል፤ ባለ ሕልሙ እንቅልፍ ወደ ንጋቱ ይበረክታል፤ ስለዚህ ከስምንት ሰዓት መኝታው የመጨረሻውን ሁለት ሰዓት የሚቈርጥ ሰው ከሕልሙ ድርሻ የሚያጐድለው ከሩብ እጅግ የሚበልጥ ነው።

እንቅልፍ በአንጎል ውስጥ የራሱ ስፍራ እንዳለው ያመለከተው ደግሞ መቅሠፍት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1916 እና በ1917፣ በቪየና ከተማ ምንጩ ያልታወቀ የአንጎል ብግነት ተነሥቶ ወደ ብዙ አገር ሲዛመት፣ ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ የተባለ ሐኪም ከሕሙማኑ አብዛኞቹ ለሳምንታት ሲያንቀላፉ፣ ጥቂቶቹ ግን በተቃራኒው ፈጽሞ እንቅልፍ እንደ ነሣቸው አየ። የሞቱትን ሰዎች አንጎል ሲመረምር፣ ያንቀላፉት ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ስፍራ የኋላ ክፍል፣ እንቅልፍ ያጡት ደግሞ በፊተኛው ክፍል ተጐድተው ስላገኘ፣ ከፊት የሚያስተኛ፣ ከኋላ የሚያነቃ ሥልጣን አለ ብሎ ፈረደ። አንድ ሐኪም በአልጋ አጠገብ ካየውና ከአስከሬን ምርመራ ካገኘው ተነሥቶ እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠቱ፣ ፍርዱም ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ትክክል ሆኖ መገኘቱ፣ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከማደንቃቸው ነገሮች አንዱ ነው። በ1996 ክሊፎርድ ሴፐርና ባልደረቦቹ በአይጥ አንጎል ከፊተኛው ክፍል የሚያስተኙትን ነርቮች ለይተው አገኙ፤ በ1998 ደግሞ ሁለት የምርምር ቡድኖች በየፊናቸው ንቃትን የሚያጸናውን፣ ኦሬክሲን ወይም ሂፖክሬቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ከዚያው ከሃይፖታላመስ አወጡ። በሚቀጥለው ዓመት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢማኑኤል ሚኞ ቡድን፣ በደስታ ጊዜ በድንገት ዝለው የሚወድቁና የሚያንቀላፉ ውሾች በዘር የወረሱት ጉድለት ይህ ንጥረ ነገር የሚያርፍበትን ተቀባይ የሚመለከት መሆኑን አረጋገጠ፤ በሰው ላይ የሚታየው ናርኮሌፕሲ የተባለው ሕመምም ኦሬክሲን ከሚያመነጩት ነርቮች መጥፋት የሚመጣ መሆኑ ወዲያው ታወቀ። ብዙ ዘመን ስንፍና ሲባል የኖረ ነገር እንዲህ ሆኖ ከነርቭ በሽታዎች ተራ ገባ።

እንቅልፍ መቼ ይመጣል ለሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የተሻለውን መልስ የሰጠው በዙሪክ ያስተማረው አሌክሳንደር ቦርቤሊ ነው። እርሱ በ1982 ባቀረበው አሳብ መሠረት ሁለት ኃይላት ሰውን ወደ መኝታ ይወስዱታል፤ አንደኛው ከንቃት ርዝመት ጋር እየከበደ የሚሄድ የእንቅልፍ ፍላጎት ሲሆን፣ ሁለተኛው መዓልትንና ሌሊትን የሚቈጥር ውሳጣዊ ሰዓት ነው። የመጀመሪያውን ኃይል በኬሚካል የመፈለጉ ነገር ቀድሞ የተጀመረ ነው፤ በጃፓን ኩኒዮሚ ኢሺሞሪ፣ በፈረንሳይ ሄንሪ ፒየሮን ባለፈው ምዕት ዓመት መባቻ፣ እንዳይተኙ ከተደረጉ ውሾች አንጎል የተወሰደ ነገር ሌላውን ውሻ እንደሚያስተኛ አሳይተው ነበር። ዛሬ በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው አዴኖሲን ነው፤ ነርቮች ኃይል በሚያወጡበት ጊዜ የሚከማች ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በተቀባዮቹ ላይ ሲያርፍ የሚያነቁትን ነርቮች ያረጋጋል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ስም ሳይነሣ አይታለፍም፤ የከፋና የአካባቢው ደን ለዓለም ያበረከተው ቡና የሚሠራው በዚሁ ስፍራ ነውና። ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ በ1819 ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ካፌይን የአዴኖሲንን ተቀባዮች ይዞ ንጥረ ነገሩ እንዳያርፍባቸው ይከለክላል፤ አዴኖሲኑን ግን አያጠፋውም፤ ባለ ዕዳ ደጁን ዘግቶ ቢቀመጥ ዕዳው እንደማይቀንስለት ሁሉ፣ ቡና የጠጣ ሰው የድካሙ ስሜት ቢሸሸግለትም ድካሙ ባለበት ይቈያል። የካፌይን እኩሌታው ከደም እስኪወጣ በብዙ ሰው አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከምሳ በኋላ ተቈልቶ ከአቦል እስከ በረካ የተጠጣ ቡና በመኝታ ሰዓት ሥራውን ገና አልጨረሰም። ይህን የምለው ሥርዓቱን ለማሳነስ አይደለም፤ ጎረቤት የሚሰበስብ ነገር ከእንቅልፍም የሚያስከፍለው ዋጋ ቢኖር የሚጸጸት ብዙ አይመስለኝም። የጫት ነገር ግን ሌላ ነው። በቅጠሉ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ሆኖ የማንቂያውን ኃይል ራሱን ስለሚገፋ፣ በሌሊት ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ነቅቻለሁ ሲል ፍርዱና የእጁ ፍጥነት ግን ከድካሙ ጋር ወድቀው ይገኛሉ።

ሁለተኛው ኃይል፣ ሰዓቱ፣ ከእንስሳት አስቀድሞ በዕፅ ላይ ታየ። ፈረንሳዊው ደ ሜራን በ1729 ቅጠሉን በመዓልት ዘርግቶ በሌሊት የሚያጥፈውን ተክል ጨለማ ውስጥ ቢያኖረው፣ ተክሉ ፀሐይን ሳያይ ልማዱን ጠበቀ። በሰውና በሌሎች አጥቢ እንስሳት ይህ ሰዓት የሚገኘው ከዓይን የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት በላይ ባለችው፣ ወደ 20,000 ነርቮች በያዘች ቅንጣት ውስጥ መሆኑ በ1972 በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር ታወቀ፤ ሰዓቱን የሚያሽከረክረው የዘር ቅንጣት ምሥጢር ደግሞ በ1971 በዝንብ ላይ በሮናልድ ኮኖፕካና በሲሞር ቤንዘር ተጀምሮ፣ ውስጡን ለፈቱት ለጄፍሪ ሆል፣ ለማይክል ሮዝባሽና ለማይክል ያንግ በ2017 የኖቤልን ሽልማት አስገኘ። በ1999 በቦስተን ቻርልስ ሳይስለርና ባልደረቦቹ በጥንቃቄ ሲለኩት፣ የሰው ሰዓት በአማካይ ከ24 ሰዓት በ11 ደቂቃ ያህል ብቻ ይረዝማል። ይህ ትንሽ ትርፍ በየዕለቱ የሚቃናው በብርሃን ነው፤ በዓይን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ብርሃንን ለሰዓቱ ለመናገር ብቻ የተሠሩ ነርቮች እንዳሉ በ2002 መረጋገጡም፣ ሌሊት ከመብራትና ከስልክ የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ሜላቶኒን የተባለውን የጨለማ ሆርሞን ለምን እንደሚያዘገይ አስረድቷል።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ የሰዓት አቈጣጠር ሳይታሰብ ከሰውነት ሰዓት ጋር የተስማማ ነው ማለት ይቻላል። ቀኑን ከመንፈቀ ሌሊት የሚጀምረው የአውሮፓ አቈጣጠር ለመንግሥት መዝገብ ይመቻል እንጂ ሰውነት የሚያውቀው ወሰን አይደለም፤ ከንጋት የሚጀምረው የእኛ አቈጣጠር ግን ብርሃን ሰዓቱን በሚያቃናበት ቅጽበት ይነሣል፤ አገሪቱም ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች በአዲስ አበባ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከዚህ አገር ወጥቶ በስቶክሆልም ወይም በኦስሎ የሰፈረ ሰው በክረምት ወራት ጠዋቱ እየጨለመበት፣ በበጋም ሌሊቱ እየበራበት ሲቸገር፣ ነገሩ ናፍቆት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ እንቅልፍ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ይለያያሉ፤ አንባቢም በየመጽሔቱ ከሚያገኘው እርግጠኛ አነጋገር ቢጠነቀቅ ይበጀዋል። ከሁሉ የጸናው ማስረጃ ትዝታን የሚመለከተው ነው። በ1924 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጄንኪንስና ዳለንባክ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው ቃላት አስጠንተው፣ ካጠኑ በኋላ ሲተኙ ነቅተው ከቈዩበት ጊዜ ይልቅ ብዙ እንዳስታወሱ አሳዩ፤ በ1994 ማቲው ዊልሰንና ብሩስ ማክናውተን ደግሞ አይጥ በቀን የሄደችበትን መንገድ የመዘገቡት ነርቮች እርስዋ ተኝታ ሳለ እንደ ገና አብረው ሲነሡ በቀጥታ አዩ። የቆሎ ተማሪ በሌሊት ያጠናውን ቀለም በንጋት ሲቀጽል የሚረዳው ነገር በከፊል ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጁልዮ ቶኖኒና ኪያራ ቺሬሊ ግን ነገሩን ከሌላ ወገን ይይዙታል፤ አንጎል በቀን በትምህርት ብዛት ያበረታውን የነርቭ ግንኙነት ሁሉ በሌሊት በመጠኑ እያላላ፣ ለነገው ስፍራ ያስለቅቃል ይላሉ። ሁለቱ አሳቦች የሚጋጩ ቢመስሉም አንዱ ሌላውን የግድ አያፈርስም።

ከሁሉ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ የተሰማው ግን የጽዳቱ ነገር ነው። የማይከን ኔደርጋርድ ቡድን በ2013 በአይጦች ላይ ባደረገው ምርምር፣ በእንቅልፍ ጊዜ በአንጎል ሕዋሳት መካከል ያለው ክፍተት 60 በመቶ ያህል ሰፍቶ፣ የአንጎል ፈሳሽ ቆሻሻን፣ ከዚያም መካከል በአልዛይመር በሽታ የሚከማቸውን አሚሎይድ፣ አጥቦ እንደሚያወጣ ገለጠ። አሳቡ ውብ በመሆኑ ዓለም ፈጥኖ ተቀበለው። በ2024 ግን ከለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ የወጣ ጥናት በአይጦች አንጎል ያለው ጽዳት በእንቅልፍና በማደንዘዣ ጊዜ ይልቁን ይቀንሳል ብሎ ተነሣ፤ ክርክሩም በመለኪያው ዘዴ ላይ እንደ ቀጠለ ነው። እንቅልፍ አንጎልን ያጥባል የሚለውን እንደ ተዘጋ መዝገብ የሚያስተምር ሰው ቸኩሏል።

እንቅልፍ ማጣት የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከዚህ ይልቅ የታወቀ ነው። ሩሲያዊቷ ሐኪም ማሪያ ማናሴይና በ1894 እንዳይተኙ የተደረጉ ቡችሎች በአራትና በአምስት ቀን ውስጥ እንደ ሞቱ ጽፋለች፤ በቺካጎ የአለን ሬክትሻፈን አይጦችም በሁለትና በሦስት ሳምንት አልቀዋል። በሰው ላይ በ1964 መጀመሪያ አንድ የሳንዲዬጎ የ17 ዓመት ተማሪ 11 ቀን ነቅቶ ቢያድርም በሕይወት ወጥቷል፤ ነገር ግን የዚህ ተማሪ ዝና ሰዎችን ያሳሳተ ይመስለኛል፤ የዘመናችን ጉዳት አንድ ጊዜ ከሚመጣው ረጅም ንቃት ይልቅ በየሌሊቱ ከሚቈረሰው ጥቂት ጥቂት ሰዓት የሚመጣ ነውና። ሃንስ ቫን ዶንገንና ዴቪድ ዲንጅስ በ2003 ያሳተሙት ጥናት በእኔ ግምት በዚህ መስክ ከተደረገው ሁሉ የበለጠ ሊነበብ የሚገባው ነው። ጤነኞች ሰዎችን በየቡድኑ ከፍለው 14 ሌሊት ገሚሱን 4፣ ገሚሱን 6፣ ገሚሱን 8 ሰዓት ቢያስተኙ፣ 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙት ንቁነታቸው ዕለት በዕለት እየወረደ፣ በመጨረሻ እስከ ሁለት ሌሊት ፈጽሞ ካልተኛ ሰው ጋር ተስተካከለ። የሚያስፈራው ይህ አይደለም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ከጥቂት ቀን በኋላ ለምደነዋል እያሉ፣ መውደቃቸውን አለማወቃቸው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ በንግድ ዓለም «እኔ አምስት ሰዓት ይበቃኛል» ብሎ የሚኰራ ሰው ምስክርነቱ የማይታመንበት ምክንያት በዚህ ተገልጿል።

በሥጋ ላይ የሚደርሰውም እንዲሁ ተለክቷል። የኢቭ ቫን ካውተር ባልደረቦች በ1999 አሥራ አንድ ወጣቶችን ስድስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ቢያስተኙ፣ አካላቸው ስኳርን ከደም የሚያነሣበት ኃይል ወደ ስኳር በሽታ መጀመሪያ ወደሚመስል ደረጃ ወረደ። ሼልደን ኮሄን በ2009 ባሳተመው ምርምር በፈቃደኞች አፍንጫ የጉንፋን ቫይረስ ጨምሮ ሲከታተል፣ ከሰባት ሰዓት በታች የሚተኙት ስምንትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ወደ ሦስት እጥፍ ያህል ይታመሙ ነበር። የደም ግፊትና የልብ ሕመምም ከአጭር እንቅልፍ ጋር በብዙ አገር ጥናት ተያይዘው ይገኛሉ።

ሆኖም ስንት ሰዓት ይበቃል ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከፍርሃት ነጻ መሆን አለበት። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበር በ2015 ለአዋቂ ሰው ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይገባል ቢልም፣ ዳንኤል ክሪፕኬ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ አሜሪካውያን መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በ2002 ባወጣው ጥናት፣ ሞት ከሁሉ ያነሰባቸው ሰባት ሰዓት ገደማ የሚተኙት ሲሆኑ፣ ስምንትና ከዚያ በላይ የሚተኙት ሳይቀሩ ከእነርሱ የባሰ ዕድል ነበራቸው። ይህ መተኛት ይገድላል ማለት አይደለም፤ ያልታወቀ ሕመም ሰውን ብዙ ሊያስተኛው ይችላልና። በ2015 ደግሞ ጄሮም ሲገልና ባልደረቦቹ በታንዛኒያ ሃድዛዎችን፣ በናሚቢያ ሳኖችን፣ በቦሊቪያ ጺማኔዎችን ቢያጠኑ፣ መብራት የሌላቸው እነዚህ ሕዝቦች በአማካይ ከ5.7 እስከ 7.1 ሰዓት ብቻ እንደሚተኙ፣ እንቅልፍ ማጣትም በመካከላቸው ብርቅ እንደ ሆነ አገኙ። የቀድሞ ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ተኝቶ አሥር ሰዓት ያንቀላፋ ነበር የሚለው ወግ እዚህ ላይ ይወድቃል። እነርሱ ከከተሜው የሚለዩበት ዋና ነገር የሚተኙበትና የሚነሡበት ጊዜ ከሌሊቱ ብርድና ከንጋቱ ጋር ተስማምቶ ሳይዛነፍ መኖሩ ነው፤ የሰዓቱ መጽናት የሰዓቱን ብዛት ያህል ሊጠቅም ይችላል የሚለው አሳብም ከዚህ ወዲህ ሚዛን አንሥቷል።

ከሕመሞቹ መካከል በአገራችን ብዙ ጊዜ ሕመም ተብሎ የማይቈጠር አንድ አለ፤ እርሱም ጉሮሮ በእንቅልፍ ጊዜ እየተዘጋ ትንፋሽን የሚያቋርጠው ነው። ጮኾ የሚያንኮራፋ ሰው ጥሩ ተኛ ይባላል እንጂ በየጊዜው አየር እያጣ ሳያውቀው እንደሚባንን የሚገምት ጥቂት ነው። በ1981 በሲድኒ ኮሊን ሱሊቫን አየርን በአፍንጫ በኩል በኃይል የሚነፋ መሣሪያ ሠርቶ መተንፈሻውን ክፍት አድርጎ ማሳደር እንደሚቻል አሳየ። እንቅልፍ እንቢ ለሚለው ሰው ደግሞ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ከኪኒን አስቀድሞ ልማድንና አስተሳሰብን በሥርዓት የሚያርመው ሕክምና እንዲሰጠው ወስኗል፤ ኪኒኑ ለአጭር ጊዜ ረዳት እንጂ መድኃኒት እንዳልሆነ በውሳኔው ታምኗል።

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ አንድ ሰው በራሱ መኝታ ላይ ሥልጣን እንዳለው በመገመት የተነገረ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህ ሥልጣን የለውም። ዳውሰንና ሪድ በ1997 እንዳሳዩት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቈየ ሰው ሥራው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ሥራ ጋር ይስተካከላል፤ ሰካራም አሽከርካሪን የሚቀጣ ሕግ ግን በድካም ያንቀላፋውን ብዙ ጊዜ እንደ ምስኪን ያየዋል። በ1989 በአላስካ ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለችው መርከብ መንፈቀ ሌሊት እንዳለፈ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ዘይቷን በባሕር ስታፈስ፣ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከምክንያቶቹ አንዱ የተረኛው መኰንን ድካም መሆኑን መዝግቧል። የስሪ ማይል ደሴት የኑክሌር አደጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ የቼርኖቤሉ ከሌሊቱ 7፡23 ላይ መድረሳቸውም ይጠቀሳል፤ በእነዚህ ላይ ግን የመሣሪያና የአሠራር ጉድለት ስላለ ሁሉን ለእንቅልፍ መስጠት አይገባም። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሰውነትን ሰዓት የሚያዛንፈውን የሌሊት ፈረቃ ሥራ ለሰው ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱ ነገሮች መካከል አስገብቶታል፤ በ2019 ደግሞ ተመልክቶ አጽንቶታል።

ይህ የሌሊት ሥራ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ እንግዳ አይደለም። በዋሺንግተንና በአካባቢው ታክሲ የሚነዳው፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን የሚያስታምመው ሰው ብዙ ጊዜ የእኛው ወገን ነው፤ በቀን ደግሞ ሁለተኛ ሥራ አለው ወይም ልጅ ያሳድጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ውስጥ የምታገለግለው እኅታችን ሁኔታ ግን ከዚህም ይከፋል፤ የምትተኛው በአሠሪዋ ቤት ስለ ሆነ ሥራዋ የሚያልቅበት ደጃፍ የለውም፤ በተለይ በረመዳን ቤተ ሰቡ ሌሊቱን ሲያመሽ እርስዋ ከሱሑሩ በኋላ ዕቃ አጥባ፣ ጠዋት ልጆችን ለትምህርት ትቀሰቅሳለች።

አንዳንድ አገሮች ከዚህ ጥናት ተነሥተው ሕጋቸውን ማሻሻል ጀምረዋል። የታዳጊ ወጣቶች ሰዓት በተፈጥሮ ወደ ኋላ የሚዘገይ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንዳይጀመር መክሮ፣ የካሊፎርኒያ ግዛት ይህንኑ በ2019 በሕግ አውጥቶ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። የአሜሪካ ተለማማጅ ሐኪሞች ሳምንታዊ ሥራ በ2003 በ80 ሰዓት የተወሰነውም ከብዙ ክርክር በኋላ ነው፤ 80 ሰዓት እንደ ዕረፍት መታየቱ የቀድሞውን ሥራ ያስገምታል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የአውሮፓው ሕግ ወደ ነገሩ ሥር ገብቷል። በ1993 ወጥቶ በ2003 እንደ ገና የታተመው የአውሮፓ መመሪያ ለሠራተኛ በየ24 ሰዓቱ ቢያንስ 11 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ይሰጣል። በጀርመን አገር በኪል ከተማ አንድ ሐኪም ተረኛ በሆነባቸው ሌሊቶች ሆስፒታሉ አልጋ ያለው ክፍል ሰጥቶት፣ ካልተጠራ መተኛት ይችል ነበርና ያ ጊዜ ዕረፍት ነው ወይስ ሥራ በሚል ሲከራከር፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2003 ሰውየው እንደ ልቡ ሊሆንበት ያልቻለው ሌሊት፣ ቢተኛበትም እንኳ፣ የሥራ ሰዓት ነው ብሎ ፈረደ። በ2011 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 ይህን መንፈስ ወደ ቤት ሠራተኞች በማሻገር፣ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣቸው፣ ጥሪ እየጠበቁ የሚቈዩበትም ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት እንዲቈጠር ደንግጎ፣ የዚህን የመጨረሻውን ልክ ግን ለየአገሩ ሕግ ትቶታል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. የቀን ሥራን በ8፣ የሳምንቱን በ48 ሰዓት ወስኖ፣ ነፍሰ ጡር ሴትንም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሚሠራ ሥራ ሲጠብቅ፣ የቤት ሠራተኛዋን ነገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን አሳልፎታል። የእንቅልፍን ጥናት ይዞ ወደ ሕግ አውጪ የሚቀርብ ሐኪም ቢገኝ፣ ከፋብሪካው ፈረቃና ከትምህርት ቤቱ ደወል አስቀድሞ ሊሟገትለት የሚገባው ይህ ደንብ ነው።